የመሪው ክብደት የት ሄደ? ለበረራ ሲሙሌተር ሠሪዎች ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ የድሮ ፕሮፔለር ተዋጊ አውሮፕላኖችን በኮምፒውተር ለምታስበርሩ ኩባንያዎች፣ ለፕሮግራመሮቻችሁና ለሞካሪዎቻችሁ
ግልባጭ፦ ማታ ማታ ሰርቨር ላይ ለምንገናኝ ሁሉ

ጤና ይስጥልን።

ወደ ገደለው ልግባ። በሲሙሌተሮቻችሁ ውስጥ ያሉት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊዎች አፍንጫቸው አያርፍም። የጠላት ጭራ ላይ ትገባለህ፣ ማነጣጠሪያውን ታስተካክላለህ፣ ልትተኩስ ስትል አፍንጫው ወደ ላይ ይዘላል። ስትመልሰው ከሚገባው በታች ይወርዳል። እንደገና ስታነሳው ይብስበታል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚመጣው መልስ የታወቀ ነው፦ እውነተኛው አውሮፕላንም አስቸጋሪ ነበር፣ ተለማመዱ።

መልሱ ግማሽ እውነት አለው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ያ ግማሽ እውነት ነው። በእንግሊዝኛም እልክላችኋለሁ። በአማርኛ የጻፍኩት አብረውኝ የሚበሩት ልጆች ምን እየጠየቅን እንደሆነ እንዲያውቁ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የእንግሊዞቹን ተዋጊ ስፒትፋየርን እናንሳ። መጀመሪያ የበረረው ማርች 5 ቀን 1936 ነው። በጦርነቱ መሃል የአሜሪካው የአቪዬሽን ምርምር ተቋም ናካ፣ የዛሬው ናሳ አባት ማለት ነው፣ አንድ ስፒትፋየር ማርክ 5 ላንግሊ በሚገኘው ማዕከሉ መለኪያ መሣሪያ ገጥሞ ፈተነው። ሪፖርቱ በ1942 ወጣ። የጻፈው ዊልያም ፊሊፕስ የተባለ መሐንዲስ ነው። ውጤቱ በመጀመሪያ ሲታይ የእናንተን መልስ የሚደግፍ ይመስላል። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሽቅብና ቁልቁል በሚያንቀሳቅስበት አቅጣጫ መረጋጋት የለውም ማለት ይቻላል። ከተለመደ በረራ ተነስቶ ክንፉ ስቶል እስኪያደርግ፣ ማለትም የማንሳት ኃይሉን እስኪያጣ ድረስ መሪው (አብራሪው በእጁ የሚይዘው ዘንግ) ወደ ኋላ የሚሳበው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ለአዲስ ልጆች ላስረዳ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ በነፋስ ተገፍቶ ቀና ቢልና ማንም ሳይነካው ወደ ነበረበት ለመመለስ ቢሞክር፣ ያ አውሮፕላን የተረጋጋ ነው። ባለበት ከቀረ ገለልተኛ ነው። ይባስ ብሎ ቀና ማለቱን ከቀጠለ ያልተረጋጋ ነው። ይህን በዋናነት የሚወስነው የስበት ማዕከሉ ያለበት ቦታ ነው። ማዕከሉ ወደ ፊት ሲሆን አውሮፕላኑ ይረጋጋል፣ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይቅበጠበጣል። ስፒትፋየር ገለልተኛው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው። በ1940 በብሪታንያ ሰማይ ላይ የ20 ዓመት ልጆች፣ አንዳንዶቹም በስፒትፋየር ላይ በጣም ጥቂት ሰዓት ብቻ በርረው፣ እንዴት አነጣጥረው ተኮሱበት? አፍንጫው በእኛ ስክሪን ላይ እንደሚዘለው ቢዘል ኖሮ ማንም ምንም አይመታም ነበር። የበረሩበት ሰዎች ስለ ስፒትፋየር ሲናገሩ ደግሞ ቀላልና ታዛዥ ነው ይላሉ።

ምስጢሩ ያለው እጃቸው ላይ ነው። በእነዚያ አውሮፕላኖች መሪው በኬብል ወይም በብረት ዘንግ አማካይነት ከጭራው ኤሌቬተር፣ አፍንጫውን ሽቅብና ቁልቁል ከሚያደርገው ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ጋር በቀጥታ ተያይዟል። እጅህን መልሶ የሚገፋው ኤሌቬተሩን የሚመታው አየር ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አብራሪው መሪው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሄደ አይለካም። የሚሰማው ስንት ኪሎ እንደሳበ ነው። የስፒትፋየር ኤሌቬተር ቀላል ነበር፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ጂ (ሲጠመዘዙ ሰውነትን የሚጫነው ኃይል በስበት ልክ ሲለካ) ጥቂት ኪሎ ብቻ ይጠይቃል። ቀላል ይሁን እንጂ ክብደት ነበረው። ጡንቻ ያንን ጥቂት ኪሎ ይዞ አፍንጫውን ሳያስበው ያረጋጋል።

የእኛስ ጆይስቲክ? ቁመቱ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ውስጡ ስፕሪንግ አለ። ስፕሪንጉ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ስትበርም፣ 700 ስትበርም ያው ነው። የእውነተኛው መሪ 2 ሴንቲ ሜትር በዚህ አጭር እጀታ ላይ ሲሰፍር ሚሊ ሜትሮች ይሆናል። ከዚያ ላይ ክብደቱ የለም። እና የናካን ቁጥር አንድም ሳታዛንፉ ኮዱ ውስጥ ብታስገቡ እንኳ የምናገኘው አውሮፕላን የ1942ቱ አይደለም። ግማሹ ጎድሏል።

ይህን የሚያሳየኝ ምርጥ ማስረጃ አንድ ትንሽ የብረት ቁራጭ ነች። ስፒትፋየር ማርክ 5 ላይ ዕቃ እየተጨመረ ሲሄድ የስበት ማዕከሉ ወደ ኋላ ሸሸ። አንዳንዶቹ አውሮፕላኖች አየር ላይ እንዳሉ ተሰባበሩ። እንግሊዞቹ ያገኙት መፍትሔ ኤሌቬተሩን በሚያንቀሳቅሰው መስመር ላይ ክብደት መጨመር ነበር። አብራሪው በኃይል ሲጠመዘዝ ጂ ይጨምራል፣ ያ ክብደትም በጂው ልክ ይከብድና መሪውን ወደ ፊት ይጎትታል። እጅ ላይ ሸክም ይጨምራል ማለት ነው። ክንፉን አልቀየረም፣ ጭራውን አልቀየረም። የሠራው ሥራ በሙሉ አብራሪው እጅ ላይ ነው።

አሁን እሱን ክብደት ሲሙሌተር ውስጥ አስገቡትና እዩት። ጠረጴዛ ላይ ያለው ጆይስቲክ ምንም አይሰማውም። እውነተኛ ሕይወት ያዳነ ዕቃ በእናንተ ዓለም ውስጥ ከነመኖሩም አይታወቅም። አንዳንዶቻችሁ ውጤቱን በሌላ መንገድ፣ የኤሌቬተሩን እንቅስቃሴ በመቀነስ፣ ለመተካት እንደምትሞክሩ አውቃለሁ። እሰየው። ግን በስንት ቀነሳችሁ? የትኛው አውሮፕላን ላይ? ይህን የሚነግረን ሰው የለም።

የአሜሪካኖቹ ተዋጊ ሙስታንግም እንዲሁ ነው። ፒ-51 እስከ በርሊን አጅቦ ሄዶ እንዲመለስ ከአብራሪው ወንበር ጀርባ 85 የአሜሪካ ጋሎን የሚይዝ ታንክ ተጨመረለት። ሙሉ ሲሆን ነዳጁ ብቻ ወደ 230 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ይህ ሁሉ ሸክም ከስበት ማዕከሉ ኋላ ነው። ታንኩ ሙሉ ሆኖ አብራሪው በኃይል ከተጠመዘዘ የመሪው ስሜት ይገለበጣል። መጠምዘዙ እንዳይጠብቅ መሪውን መሳብ ቀርቶ ወደ ፊት መግፋት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው አብራሪዎቹ ከውጊያ በፊት የዚያን ታንክ አብዛኛውን ነዳጅ ቀድመው እንዲያቃጥሉ የተነገራቸው። ይህም በመጀመሪያ የእጅ ጉዳይ ነው፤ የተገለበጠው ኃይል እጅ ላይ ይታወቃል። ስፕሪንግ ያለው ጆይስቲክ ግን ሁሌም ወደ መሃል ነው የሚመልሰው። መቼም አይገለበጥም።

በነገራችን ላይ ሰርቨር ላይ ያለው ነገር ያስቃል። ሁሉም ሙስታንጉን ነዳጅ ሩብ ብቻ ሞልቶ ይነሳል። የኋላውን ታንክ ያየው የለም። ከዚያ አውሮፕላኑ ምርጥ ነው ይባላል፣ ሌላው ደግሞ ለአሜሪካኖች አድልታችኋል ብሎ ያለቅሳል። ማድላቱ ያለው ነዳጅ መምረጫው ላይ ነው! ሠሪዎቹ በዚህ ብዙም አትወቀሱም። ግን የኋላው ታንክ ስንት ሊትር እንደያዘና የስበት ማዕከሉ የት እንደደረሰ ከመነሳታችን በፊት የሚያሳይ አንድ መስመር ብትጨምሩ ምን ይጎዳችኋል?

ክብደቱ ሲቀር የሚጠቀም አለ፣ የሚጎዳ አለ። በ1940 እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮች ማርከው የሰጧቸውን የጀርመን ተዋጊ ሜሰርሽሚት 109 ፋርንቦሮ በሚገኘው የምርምር ማዕከላቸው ፈተኑት። ያገኙትን አንብቡልኝ። በሰዓት 640 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር፣ አብራሪው ባለ በሌለ ጉልበቱ መሪውን ወደ ጎን ቢገፋ ኤለሮኑን፣ ክንፉ ላይ ያለውን አውሮፕላኑን የሚያጋድለውን ክፍል፣ ከሙሉ እንቅስቃሴው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው ማንቀሳቀስ የሚችለው። 45 ዲግሪ ለማጋደል 4 ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ኮክፒቱ ጠባብ ስለሆነ ክንድ የሚዘረጋበት ቦታ የለም፤ ስለዚህ ወደ ጎን ሊገፋ የሚችለው 18 ኪሎ ገደማ ነው። ቦታ ቢኖረው 27 ኪሎ ይደርስ ነበር። ልብ በሉ፣ የኮክፒት ስፋት የአውሮፕላኑን መገልበጥ ወሰነ። ደግሞ የዚያን ጊዜው ስፒትፋየርም በዚያው ፍጥነት ከዚህ አይሻልም ነበር። ኤለሮኑ በጨርቅ የተሸፈነ ነበርና። በኋላ በብረት ሲቀየር ነው የቀለለው።

የጃፓኑ ዜሮም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። በ1942 አላስካ ውስጥ አኩታን ደሴት ላይ ወድቆ የተገኘውን ዜሮ አሜሪካኖች ጠግነው አበረሩት። በዝቅተኛ ፍጥነት እንደ ልብ የሚታዘዘው አውሮፕላን ከ200 ኖት (በሰዓት 370 ኪሎ ሜትር ገደማ) በላይ ሲሆን ኤለሮኑ ድርቅ ይላል። ያንን ያወቀ የአሜሪካ አብራሪ ከዜሮ ማምለጫውን አገኘ፤ ፈጥኖ መጥለቅና መገልበጥ። በጠረጴዛ ጆይስቲክ ግን ዜሮ በ200ም በ350ም ኖት እጅ ላይ አንድ ነው። ገደቡን ኮዱ ውስጥ ካላስገባችሁት ታሪኩ ይጠፋል። ካስገባችሁት ደግሞ ልጁ ጆይስቲኩን እስከ ጥግ ገፍቶ አውሮፕላኑ ለምን እንደማይሰማው አያውቅም። ተበላሽቷል ብሎ ይጽፍላችኋል።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄዬ ይሄውላችሁ። በስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ መለኪያ አድርጉልን፤ እንደ ፍላጎት የሚበራና የሚጠፋ። አብራሪው አሁን ስንት ኪሎ እየሳበ እንደሆነ፣ የእጁ አቅም መጨረሻ የት እንደሆነ ያሳየን። እጃችን የማይሰማውን ዓይናችን ይየው። ሒሳቡን እየሠራችሁት ነው፤ የምለው ውጤቱን አሳዩን ነው።

በውጭ አገር ያላችሁ ፎርስ ፊድባክ ያለው ጆይስቲክ ግዙ ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እሱ መሪውን ራሱ ያከብደዋል። ግን ዋጋውን ታውቁታላችሁ። እዚህ ደግሞ ዶላሩ፣ ማጓጓዣውና ጉምሩኩ ሲደመሩበት የአንድ ደህና ኮምፒውተር ዋጋ ይሆናል። አብዛኛው ልጅ የሚበረው በርካሽ ጆይስቲክ ነው፣ አንዳንዱም በማውዝ። ለእሱም አስቡ። ከርቭ፣ የጆይስቲኩን ምላሽ የሚወስነውን ቅንብር፣ አስተካክሉ የሚባለው ምክርም ሩቅ አያደርስም። ከርቭ የጆይስቲኩን መሃል ያለዝበዋል፣ ፍጥነት ሲቀየር ግን አብሮ አይቀየርም።

አፍንጫውን በባቡር ሐዲድ ላይ እንዳለ አድርገው የሚያስሩትን ቀላል ሙዶች አልነካም። ለጀማሪ ነው፣ ይሁን። የምጣላው «እውነተኛ» ብላችሁ ከምትሸጡት ጋር ነው። እዚያ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ሰፍኗል፤ አስቸጋሪ ከሆነ እውነተኛ ነው ይባላል። ሲነሳ የሚዞር፣ ሲያርፍ የሚገለበጥ፣ ሲተኩስ የሚንቀጠቀጥ አውሮፕላን ከተሠራ ተጫዋቹ ያጨበጭባል። ይሁን እንጂ የ1940ዎቹ ፋብሪካዎች ለመሸጥ የፈለጉት ለመብረር የሚመች አውሮፕላን ነበር። ናካ ውስጥ ሮበርት ጊልሩት፣ ያ በኋላ የአሜሪካን ሰው ወደ ጠፈር የመላኩን ሥራ የመራው ሰው፣ አንድ አውሮፕላን ለአብራሪ ምቹ ነው የሚባልበትን መስፈርት በ1940ዎቹ መጀመሪያ ጽፎታል። መስፈርቱ ለማንም ክፍት ነው። ሞዴላችሁን በዚያ ፈትኑት።

ሲነሳ መዞሩን ካነሳሁ አይቀር፣ አንድ ነገር እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። የስፒትፋየር ማርክ 5ና የሙስታንግ ሞተር የሆነው ሜርሊን ከአብራሪው ሲታይ ፕሮፔለሩን በሰዓት አቅጣጫ ያዞራል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ጋዝ ሲሰጠው አፍንጫው ወደ ግራ ይሄዳል፤ ሙስታንግ ከመነሳቱ በፊት የራደሩ (በእግር የሚታዘዘው የጭራ መሪ) ማስተካከያ ትሪም ወደ ቀኝ 6 ዲግሪ ያህል የሚዞረው ለዚህ ነው። ግሪፈን የተባለው ትልቁ ሞተር ግን በተቃራኒው ይዞራል፣ አፍንጫውም ወደ ቀኝ። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት አየር ኃይል ከካናዳ ያመጣው ፌሪ ፋየርፍላይ ግሪፈን ነበረው። ከእሱ በፊት ከስዊድን የመጣው ሳብ 17 ደግሞ ሞተሩ በሰዓት አቅጣጫ የሚዞር ነው። እንግዲህ ደብረ ዘይት ላይ ከአንዱ ወደ ሌላው የተቀየረ አብራሪ እግሩን መገልበጥ ነበረበት። ግራ የለመደ እግር ቀኝ ሲጠየቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። ይህን የሚያሳይ ፋየርፍላይ ብትሠሩልን ከደብረ ዘይት ሜዳ እንነሳበታለን። ልመና ነው፣ ግዴታ አይደለም።

ሜዳውን ካነሳሁ ደግሞ ከፍታውን ፈትኑት። ሞካሪዎቻችሁ ሁሌ ከባሕር ጠለል አጠገብ፣ ከእንግሊዝ ቦይ ዳርቻ ነው የሚነሱት። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ ጥግግት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 80 በመቶ ገደማ ነው። መለኪያው ያንኑ ፍጥነት ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት 12 በመቶ ያህል ይበልጣል። አየሩ ሲሳሳ የአፍንጫውን ውዝዋዜ የሚያበርደው ኃይልም ይሳሳል። ሞዴላችሁ ልክ ከሆነ ይህ ልዩነት መታየት አለበት፤ አፍንጫው ትንሽ ዘግይቶ ይረጋል፣ ሩጫው ይረዝማል። በአንዳንድ ሲሙሌተሮች ሩጫው ብቻ ሲረዝም አይቻለሁ፣ አፍንጫው ግን ያው ነው። ያኔ መረጋጋቱ በስሌት የመጣ ሳይሆን በእጅ የተለጠፈ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ስለ እጅና ቦታ የምለው የተጋነነ ለሚመስለው አንድ የእኛ አገር ታሪክ ልንገረው። ማርች 15 ቀን 1941 የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሃሪኬን ተዋጊ አውሮፕላኖች የጣሊያንን የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ መቱ። ካፒቴን ጆን ፍሮስት ተመትቶ እዚያው አቅራቢያ አረፈ። ጓደኛው ሌተና ከርሾ ሃሪኬኑን አጠገቡ አሳረፈለትና ፍሮስት ጭኑ ላይ ተቀምጦ አንድ ሰው በሚይዘው አውሮፕላን ሁለቱም በርረው ወጡ። የስበት ማዕከሉ ብዙም አልተነካም፣ ምክንያቱም የአብራሪው ወንበር ከማዕከሉ ሩቅ አይደለም። በወረቀት ላይ ከባድ ለውጥ የለም። ግን መሪው ባለበት በዚያ ጠባብ ቦታ አራት ጉልበትና አራት ክንድ ነበር። ያ ሃሪኬን የዚያን ቀን እንዴት እንደበረረ የሚወስነው መሪው የሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው። ይህን በየትኛውም ሠንጠረዥ ውስጥ አታገኙትም።

አንድ ቅሬታ አለኝ፣ ስሙን የማልጠራው ኩባንያ ያውቀዋል። ማታ ትቼው የተኛሁት አውሮፕላን ጠዋት ሌላ ሆኖ ይጠብቀኛል። አፕዴት መጣ፤ የለውጥ ዝርዝሩ ስለ ቀለምና ስለ ድምፅ ያወራል። የኤሌቬተሩ ምላሽ ግን ተለውጧል፣ አንድም ቃል አልተጻፈም። የታሪክ ማስረጃ ተገኝቶ ከሆነ ንገሩን፣ እንቀበላለን። ሰርቨር ላይ የጮኸ ሰው በዝቶ ከሆነም ንገሩን። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ለጨዋታ ሚዛን ተብሎ የተቀየረ አውሮፕላን ላይ እንዲህ ነው ብላችሁ ጻፉበት፤ ማንም አይቀየማችሁም። ዝም ብላችሁ ስትቀይሩት ግን መረጃ የያዘውም ያልያዘውም እኩል ይጮኻል። መረጃ የያዘው ይደክመውና ይተወዋል። የሚቀርላችሁ ጯሂው ነው።

ሁሉንም በአንዴ አልልም። ሠላሳና አርባ አውሮፕላን ያለው ሲሙሌተር ሁሉንም መፈተሽ ጊዜ እንደሚፈጅ ይገባኛል። በስፒትፋየር ማርክ 5 ጀምሩ። የናካ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ማንም አውርዶ ማንበብ ይችላል። በሚቀጥለው አፕዴት አንድ ገጽ አውጡ፦ ሞዴላችሁ የስበት ማዕከሉን የት እንዳደረገው፣ ለአንድ ጂ ስንት ኪሎ እንደሚጠይቅ፣ መሪው እስከ ስቶል ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሄድ፣ ያ የብረት ክብደት ተገጥሞ እንደሆነና እንዳልሆነ። ከጎኑ ሪፖርቱ ያለውን ቁጥር አስቀምጡ። ልዩነት ካለ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መለኪያውን ስክሪኑ ላይ አድርጉትና እኛ እዚህ በርካሽ ጆይስቲካችን፣ ከፍታችን ላይ፣ እንሞክረዋለን። ውጤቱንም በቁጥር እንልክላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሲሙሌተር አብራሪ
አዲስ አበባ